አፈርን በብርሃን መለካት፦ ከእንጅባራ ቀይ አፈር እስከ ዳንግላ ዝናብ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ የሚጓዝ መንገደኛ፣ መንገዱ ኮረብታውን ቆርጦ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዩን አፈር ሳያይ አያልፍም። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ደግሞ ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል። ከዚህ አፈር አንድ እፍኝ ዘግነን «ይህ ማሳ ስንት ኩንታል ኖራ ይፈልጋል?» ብለን ብንጠይቅ ግን ዓይናችን መልስ አይሰጠንም። ገበሬው ስለ መሬቱ ብዙ ያውቃል፤ ገብሱ ሲቀጭጭና ቅጠሉ ሲወይብ የመሬቱን መድከም ከማንም በፊት የሚረዳው እርሱ ነው። የኖራው መጠን ግን በቁጥር መነገር ይኖርበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያ ቁጥር በብርሃን አማካይነት እንዴት እንደሚገኝ፣ ከተገኘም በኋላ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ነው። አንባቢያችን እንደሚያየው ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ቁጥሩ ለምን ያስፈልጋል?

የአዊ ዞን ደጋማ ወረዳዎች፣ በተለይም ባንጃና አካባቢው፣ በዝናብ የታደሉ ናቸው። በእንጅባራ ዙሪያ የዓመቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከ2000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ በዳንግላም ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ይህ ጸጋ ግን ዕዳ አስከትሏል። ለብዙ ሺህ ዓመታት በአፈሩ ውስጥ ያለፈው ውሃ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን እያጠበ ወስዶ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም በቦታቸው እንዲተኩ አድርጓል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በሚሟሟ መልክ መውጣት ይጀምራል፤ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ ሥሩም አጥሮና ወፍሮ ይቀራል። ከዚህም ሌላ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን አጥብቀው ስለሚይዙ፣ ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የጨመረው ማዳበሪያ ከሰብሉ ሳይደርስ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በልዩ ልዩ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ በብዙ ጽሑፎች ይገመታል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በደቃቁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ነው። ይሁን እንጂ የአዊ ምድር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አለት የተሠራ ነው፤ በእንጅባራ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ራሱ በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። በዚህ ምክንያት ኖራው በመኪና ተጭኖ ከሩቅ ይመጣል። ኖራ ደግሞ እንደ ማዳበሪያ በጥቂቱ የሚበተን ነገር አይደለም።

እስቲ በጥቂቱ እናስላ። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ብንወስድ 1500 ሜትር ኩብ አፈር እናገኛለን። የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት 1.2 ቶን ቢሆን ጠቅላላው 1,800,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። በፖታሲየም ክሎራይድ ውሁድ ታጥቦ ከአፈሩ ቅንጣቶች የሚለቀቀው አሲድነት በኪሎ ግራም 1 ሴንቲሞል ቻርጅ ነው እንበል። በሄክታሩ ውስጥ 18,000 ሞል ቻርጅ አለ ማለት ነው። አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት ሁለት ሞል ቻርጅ ስለሚያከሽፍ 9,000 ሞል፣ ማለትም 900 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። አሲድን ለማይችሉ ሰብሎች በተግባር እንደሚደረገው በ1.5 ስናባዛው 13.5 ኩንታል ይሆናል። አሁን ልኬቱ በግማሽ ሴንቲሞል ብቻ ተሳስቷል ብለን እናስብ፤ ስሌቱ በ6.75 ኩንታል ይዛባል። ስሕተቱ ወደ ላይ ከሆነ ገበሬው ያለ አስፈላጊነቱ ይከፍላል፣ ይሸከማል። ወደ ታች ከሆነ ደግሞ ኖራ ጨምሮ ለውጥ ያጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ኖራ የሚነግረውን ሰው ባይሰማ አይፈረድበትም።

ከእንጅባራ በስተ ሰሜን በምትገኘው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን፣ መነሻው አውስትራሊያ የሆነውን ግራር እየተከሉ በከሰል ንግድ መተዳደር የጀመሩት በልዩ ልዩ ምክንያት ነው። የአፈሩ መድከምና አሲድነት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ወደዚህ ዛፍ ከሰል ኋላ እንመለስበታለን፤ ከብርሃን ልኬት ጋር ያልታሰበ ዝምድና አለውና።

ከቀለም ወደ ቁጥር

አፈርን በኬሚካል መመርመር ጊዜ ይፈጃል። ናሙናው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሁድ ይታጠባል፣ ይጠለላል። ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሌላ ኬሚካል፣ ሌላ ሥራ አለ። በብርሃን መለካት ግን አንዴ የደረቀውንና የደቀቀውን ናሙና ከአንድ ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ያነባል፤ ከአንዱ ንባብም ብዙ ባሕርያትን በአንድነት ለመገመት ያስችላል።

ነገሩ የተመሠረተው ዓይን በማያየው ብርሃን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ ጫፍ ውጭ፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ የነበረው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ ይልቅ ሲሞቅ አየ። ይህ ጨረር ታህታይ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ አዲሱን ብርሃን ያገኘው አስቀድሞ የታወቀና የታመነ መለኪያ ነው።

የታህታይ ቀይ ብርሃን ጥቅሙ ሞለኪውሎችን ማንቀጥቀጡ ነው። በሁለት አተሞች መካከል ያለውን ትስስር እንደ ሞላ ብናስበው፣ ሞላው የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው፤ ከዚያ ጋር የሚስማማ ብርሃን ሲያገኝም ይመጠዋል። በቀይ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን በውስጡ ያለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ትስስር በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 3620 እና 3695 ያህል ሞገዶች ያሉትን ብርሃን ይመጣል። ከብስባሽ የሚመጣው የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ምልክቱን 2850 እና 2920 አካባቢ ይተዋል። አፈሩን ቀይ የሚያደርጉት የብረት ኦክሳይዶች ደግሞ በሚታየው ብርሃንና በአጠገቡ ባለው የታህታይ ቀይ ክፍል ይታወቃሉ። ስለዚህ ከአፈሩ ተንጸባርቆ የተመለሰው ብርሃን በሞገድ ርዝመቱ ተለይቶ ሲሣል፣ ኮረብታና ሸለቆ ያለበት መስመር ይወጣል። ያ መስመር ስፔክትረም ነው።

ይህን ለማድረግ በዛሬ ቤተ ሙከራዎች የተለመደው መሣሪያ ፎሪየር ትራንስፎርም ስፔክትሮሜትር ይባላል። በውስጡ ብርሃኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ከቋሚ መስተዋት፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሚሄድ መስተዋት ተመልሶ እንደገና ይገናኛሉ። ሲገናኙ አንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ይጠናከራል፣ አንዳንዱ ይጠፋፋል። ኮምፒዩተሩ ከዚህ ውዝዋዜ ስፔክትረሙን በሒሳብ ያወጣል። ሒሳቡ እንዲሠራ ግን መስተዋቱ በእያንዳንዱ ቅጽበት የት እንደደረሰ መታወቅ አለበት፤ ርቀቱም በናኖ ሜትር የሚቆጠር ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ማስመሪያ ራሱ ብርሃን ነው። በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 632.8 ናኖ ሜትር የሆነ የሂሊየምና ኒዮን ሌዘር ከናሙናው ብርሃን ጎን ለጎን ይሄዳል፤ መስተዋቱ 316.4 ናኖ ሜትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሌዘሩ ብርሃን አንድ ጊዜ ደምቆ ይደበዝዛል። መሣሪያው ይህን ይቆጥራል።

መሣሪያውን የሚለካው ማነው?

ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ቤተ ሙከራ የሚያገኙት ስፔክትሮፎቶሜትር ከዚህ ይቀላል፤ የአፈርን ፎስፈረስ ለመለካት የምንጠቀምበትም እርሱ ነው። ፎስፈረሱ ከሞሊብዴት ጋር ተዋሕዶ ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል፤ በ882 ናኖ ሜትር ምን ያህል ብርሃን እንደመጠጠ ይነበባል። ቡጌር፣ ላምበርትና ቤር በየዘመናቸው ያበረከቱት ሕግ የመጠጣው መጠን ከክምችቱ ጋር በቀጥታ እንደሚያድግ ይናገራል። በወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው። በቤተ ሙከራ ግን ብዙዎቻችን እንዳየነው፣ መስመሩ ወደ ላይ ሲሄድ ይጎብጣል።

ለምን ይጎብጣል? ናሙናው በእውነት 1 በመቶ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል እንበል፤ የመጠጣው ቁጥር 2 መሆን አለበት። በመሣሪያው ውስጥ የተንከራተተ፣ ናሙናውን ሳያቋርጥ ከተቀባዩ የደረሰ ሌላ 1 በመቶ ብርሃን ቢጨመርበት፣ መሣሪያው 1.70 ያነባል። አንድ መቶኛ ብርሃን ከቁጥሩ 15 በመቶ ያህሉን ሰረቀ ማለት ነው። በብልቃጡ ላይ የቀረ የጣት አሻራ፣ ያረጀ አምፑል፣ በአቧራ የተሸፈነ መስተዋት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ፣ ሁሉም እንደዚሁ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መሣሪያው ሲሳሳት ድምፅ አያሰማም፤ የተሳሳተውንም ቁጥር እስከ ሦስተኛ አሥርዮሽ ድረስ አሳምሮ ይጽፋል።

ስለዚህ መሣሪያ ከታመነ ልክ ጋር በየጊዜው ይመሳከራል። ይህ ሥራ በባለሙያዎች ቋንቋ ካሊብሬሽን ይባላል። ለሞገድ ርዝመት የሆልሚየም ኦክሳይድ መስታወት ወይም ውሁድ፣ ለታህታይ ቀይ ደግሞ ስስ የፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ያገለግላል፤ የኋለኛው 1601 አካባቢ ያለው ምልክቱ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ሳይሆን የመሣሪያው ነው። ለነጸብራቅ ልኬት በአጭሩ የታህታይ ቀይ ክፍል ነጭ የፍሎሮፖሊመር ሰሌዳ፣ በረጅሙ ክፍል ወርቅ የተቀባ ገጽ እንደ መነሻ ይወሰዳል። ነጩ ሰሌዳ ሲቆሽሽ የዓለም አፈር ሁሉ በመሣሪያው ዓይን ይነጣል። ከቆሸሸ ነጭ ጋር የተመሳከረ ሁሉ የነጣ ሆኖ ይታያልና።

እነዚህ ልኮች ደግሞ በተራቸው ከበላይ ልክ ጋር ይመሳከራሉ፤ ሰንሰለቱ እስከ ዓለም አቀፍ መለኪያዎች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ የሚተረጎመው በብርሃን ፍጥነት፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። በአገራችን የሰንሰለቱን ጫፍ እንዲይዝ ኃላፊነት የተሰጠው በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተቋቋመው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ነው። ሚዛንና ቴርሞሜትር ከዚህ ሰንሰለት ጋር መያያዛቸውን ብዙ ሰው ይቀበላል። የትምህርት ቤትና የወረዳ ቤተ ሙከራ ስፔክትሮፎቶሜትርም እንደዚያው መያያዝ እንዳለበት ግን እምብዛም አይነሣም። እኛ እንደምናምነው፣ አንድ መሣሪያ ሲገዛ የማመሳከሪያው ዕቃ አብሮ ካልተገዛ ግዢው በግማሽ ቀርቷል።

ሰንሰለቱ የሚያልቅበት ቦታም አለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተተከለው ፋብሪ ፔሮ ኢንተርፌሮሜትር ነው። ይህ መሣሪያ ሌሊት ሌሊት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከኦክስጅን አተሞች የሚወጣውን 630.0 ናኖ ሜትር ደካማ ቀይ ብርሃን ይቀበላል፤ በዶፕለር ሕግ መሠረትም የዚያን ከፍታ ነፋስ ፍጥነት ያሰላል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2015 እስከ ሚያዝያ 2016 በነበሩ 53 ሌሊቶች በተገኘው መረጃ፣ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የምሽት ነፋስ ወርኃዊ አማካይ በሰከንድ ከ70 እስከ 90 ሜትር ይደርስ ነበር። የመሣሪያውን ባሕርይ ለማወቅ የሚያገለግለው ያው 632.8 ናኖ ሜትር ሌዘር ነው። ነገር ግን ነፋስ በሌለበት 630.0 የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያሳይ የረጋ የኦክስጅን መብራት በቤተ ሙከራ የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች መሣሪያውን ቀጥታ ወደ ሰማይ መካከል አቅንተው፣ በዚያ አቅጣጫ ያለው የወደ ላይና የወደ ታች ነፋስ በአማካይ ዜሮ ነው ብለው ይነሣሉ። ዜሮው የተመረጠ እንጂ የተገዛ አይደለም።

የአዊን አፈር ያላየ ቀመር

ወደ አፈሩ እንመለስ። ስፔክትሮሜትሩ ፍጹም ትክክል ነው፣ ሌዘሩ ቆጥሯል፣ ወርቁ ንጹሕ ነው እንበል። ያገኘነው አሁንም መስመር ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ «ፒኤች 4.9» የሚል ጽሑፍ የለም። ከዚህም በላይ፣ ፒኤች የሚባለው ነገር የራሱ የብርሃን ምልክት የለውም፤ የሃይድሮጅን አዮን በዚያ መጠን በስፔክትረሙ ላይ አይታይም። ታዲያ እንዴት ይገመታል?

በትምህርት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ይወሰዱና ሁለት ጊዜ ይለካሉ፤ አንዴ በኬሚካል፣ አንዴ በብርሃን። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር የሁለቱን ዝምድና የሚገልጽ ቀመር ይፈልጋል። ኪት ሼፐርድና ማርከስ ዎልሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ ከአንድ ሺህ በላይ የላይኛው ንብርብር አፈሮችን በዚህ መንገድ አጥንተው ካሳተሙ ወዲህ፣ ዘዴው በአህጉራችን ተስፋፍቷል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውና ኢትዮሲስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአፈር መረጃ ሥራ፣ በዚያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል በነበረው ተቋም አማካይነት፣ የኬሚካሉንና የብርሃኑን ልኬት አጣምሮ የለምነት ካርታዎችን አዘጋጅቷል። ዳፕ በኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሲተካ ከበስተጀርባው ይህ ሥራ ነበረ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ካሊብሬሽን እንዳለ አየን። አንደኛው ብርሃኑን በትክክል ለማንበብ ነው፤ ይህ ከመሣሪያው ጋር ከውጭ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው የተነበበውን ለመተርጎም ነው፤ ይህኛው ከውጭ ሊመጣ አይችልም። ቀመሩ ፒኤችን የሚገምተው ፒኤች ከሸክላው ዓይነት፣ ከብረቱና ከብስባሹ ጋር ባለው ዝምድና ነው። ዝምድናው ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። በሌላ አገር ሜዳ ላይ የተማረ ቀመር በባንጃ ኮረብታ ላይ ያልተማረውን ሲጠየቅ «አላውቅም» አይልም፤ ቁጥር ይሰጣል።

ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው ቀደም ብለን የጠቀስነው የዲከረንስ ከሰል ነው። ከሰሉ በሚከሰልበት ቦታ ደቃቅ ጥቁር ስባሪ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ከሰል በሁሉም የሞገድ ርዝመት ብርሃንን የሚውጥ ነገር ስለሆነ የአፈሩን ነጸብራቅ በጠቅላላ ያወርዳል። በሚታየውና በአጭሩ የታህታይ ቀይ ክፍል የሚሠራ ትንሽ የእጅ መሣሪያ፣ ጥቁረትን ከብስባሽ ጋር አያይዞ የተማረ ከሆነ፣ የተቃጠለውን ቦታ «ለም ነው» ሊል ይችላል። የከሰል ማክሰያ ቦታዎች በትምህርቱ ናሙና ውስጥ ካልተካተቱ ስሕተቱን የሚያውቅ አይኖርም።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ገበሬው ምክራችንን ሰምቶ ኖራ ጨምሯል እንበል። ኖራው ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ ካለቀ በኋላ የካርቦኔቱ የብርሃን ምልክት ይጠፋል። ፒኤቹ ከፍ ብሏል፤ ሸክላው፣ ብረቱና ብስባሹ ግን እንደነበሩ ናቸው። ከእነርሱ ተነሥቶ የሚገምት ቀመር ማሳውን አሁንም አሲዳማ ነው ሊለው ይችላል። መሣሪያው ኖራ ያስፈልጋል ባለበት ማሳ ላይ ኖራ ተጨምሮ፣ ያው መሣሪያ ለውጡን ካላየ፣ ገበሬው ማንን ይመን? በኖራ የታከሙ ማሳዎች በቁጥር በዛ ብለው በትምህርቱ ናሙና ውስጥ መግባት አለባቸው የምንለው ስለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ለአንዳንድ ባሕርያት ብርሃኑ ደካማ ምስክር ነው። ጠቅላላ ካርቦንንና የሸክላ መጠንን በደንብ ይገምታል፤ ለሰብል የሚደርሰውን ፎስፈረስ ግን ብዙ ጊዜ አሳምሮ መናገር አይችልም። በሰማያዊው ቀለም የሚሠራው አሮጌ ዘዴ ሥራውን አያጣም።

ቀመሩ ምን ያህል እንደሚሳሳት የሚታወቀው ባላየው ናሙና ሲፈተን ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ የታተሙ ሥራዎችም የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። ከአንድ ማሳ ሁለት ናሙና ተወስዶ አንዱ ለማስተማሪያ፣ ሌላው ለመፈተኛ ከዋለ፣ ፈተናው መልሱን አስቀድሞ እንደሰጠነው ተማሪ ፈተና ነው። ፈተናው ከሌላ ማሳ፣ ቢቻል ከሌላ ቀበሌ መምጣት አለበት። በቁጥር እናሳየው፤ እውነተኛው ፒኤች 5.2 የሆነ ማሳ በ0.4 ስሕተት 5.6 ተብሎ ቢገመት፣ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፒኤች በሎጋሪዝም ስለሚቆጠር የሃይድሮጅኑ መጠን በ2.5 እጥፍ ተሳስቷል፤ ማሳውም የ5.5ን ድንበር ተሻግሮ «ኖራ አያሻውም» ከሚለው ወገን ገብቷል። ደግሞም ቀመሩ ካስተማረው ኬሚስትሪ የተሻለ ሊሆን አይችልም። አንዱ ቤተ ሙከራ ፒኤችን በውሃ፣ ሌላው በፖታሲየም ክሎራይድ ለክቶ ሁለቱ በአንድ መዝገብ ከተቀላቀሉ፣ ብርሃኑ የተማረው ግራ መጋባትን ነው።

መሣሪያዎቹ በዚህ መካከል እያነሱና እየረከሱ መጥተዋል። መነሻው ካይሮ የሆነው ሲ-ዌር የተባለ ኩባንያ፣ ቀደም ሲል ጠረጴዛ የሚሞላውን ተንቀሳቃሽ መስተዋት በሲሊኮን ቁራጭ ላይ ሠርቶ ከ1350 እስከ 2550 ናኖ ሜትር የሚያነብ በእጅ የሚያዝ ስፔክትሮሜትር አውጥቷል። የግብርና ባለሙያው በቦርሳው ይዞት ወደ ማሳ ሊወርድ ይችላል። በማሳ ላይ ግን አፈሩ እርጥብ ነው፤ ውሃ ደግሞ በ1400 እና በ1900 ናኖ ሜትር አካባቢ ብርሃኑን አጥብቆ ስለሚመጥ የቀረውን ይሸፍናል። በክረምት እንጅባራ ላይ ደረቅ አፈር ፈልጎ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው ሰው መንገር አያሻም። ናሙናውን ወስዶ ማድረቅ ከነችግሩ አሁንም አስተማማኙ መንገድ ነው።

ዳንግላ፦ ደመናን ከላይ፣ ዝናብን ከታች

እስካሁን የተናገርነው ስለ አፈር ነው። ያው ችግር ግን ዝናብን ከላይ ሆኖ በብርሃን ለመለካት በሚደረገው ሙከራ ላይም ይታያል፤ በዚያ ላይ ደግሞ የአዊ ገበሬዎች ራሳቸው የታመነውን ልክ ሲያቀርቡ እናገኛቸዋለን።

ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኙት የሜቴኦሳት ሳተላይቶች አፍሪካን ያለማቋረጥ ይመለከታሉ። ከሚጠቀሙባቸው የብርሃን ክፍሎች አንዱ 10.8 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ያለው የሙቀት ጨረር ነው። በዚህ ብርሃን የደመናው አናት ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነ ይታወቃል፤ በጣም የቀዘቀዘ አናት ያለው ደመና ከፍ ያለ ነው፣ ከፍ ያለ ደመናም ብዙ ጊዜ ዝናብ ያዘንባል። በሳተላይቱ ውስጥ የሙቀት መጠኑ የታወቀ ጥቁር አካል ስላለ የመጀመሪያው ካሊብሬሽን ችግር የለበትም። ሁለተኛው ግን አለበት። ስስ የበረዶ ደመና ቀዝቃዛ ሆኖ ሳያዘንብ ያልፋል። በተራራ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ አናቱ ያልቀዘቀዘ ደመና ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። ሳተላይቱ የሚያየው ቅዝቃዜን ነው፤ ሚሊ ሜትሩን የሚነግረው በምድር ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በዳንግላ ወረዳ በዳንገሸታ ቀበሌ የአካባቢው ነዋሪዎች የሚለኩበት ፕሮግራም ተጀመረ። የእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ገበሬዎች የዝናቡን መጠን፣ የኪልቲና የብራንቴ ወንዞችን ከፍታና የጉድጓዶችን የውሃ ወለል በእጅ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። መሣሪያዎቹ ቀላል ናቸው፤ ዝናብ የሚያጠራቅም መለኪያ፣ በወንዝ ዳር የተተከለ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ይህ መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር ሲነጻጸር በጥራቱ ተመስግኗል። በአካባቢው የዘነበውን በመግለጽም ከሳተላይትና በኮምፒዩተር ከተሰሉ የዝናብ መረጃዎች ልቆ ተገኝቷል።

በገበሬው እጅ ያለው የዝናብ መለኪያ ሌዘርም ወርቅም አያስፈልገውም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ የመለኪያው አፍ ስፋት ከታወቀ ማንም ሰው በብርጭቆና በሚዛን ሊፈትሸው ይችላል። የሚጠየቀው አፉ ሳያጋድል እንዲተከል፣ ዛፍና ጣሪያ እንዳይከልለው፣ ከብት እንዳይገፋው ነው። ሌላው የሚጠየቀው ደግሞ በየዕለቱ፣ በበዓልም በእርሻም ጊዜ፣ ዝናብ ባልዘነበበትም ቀን ሄዶ አይቶ «0» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። ባዶ የተተወ መስመር ሳይዘንብ መቅረቱን ይናገር ወይስ ሳይነበብ መቅረቱን፣ ከዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያየው ሰው ሊለየው አይችልምና።